ከተማ ሳለን እናውርድ

የመምህርነት ሥልጠናዬን ስጨርስ ቆላው አብርሃ ጅራ ወርጄ ሳይንስ ማስተማር እፈልጋለሁ። ሰሞኑን በላፕቶፕና በስልክ ማስተማርን እየተለማመድኩ ነው፤ ስለ ፕላዝማ ቴሌቪዥን ትምህርትም ደጋግሜ አስባለሁ።

በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን የፕላዝማ ትምህርት ሲጀመር ስርጭቱ ከአዲስ አበባ በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ ይመጣ ነበር። ያልገባው ልጅ እጁን ቢያወጣ የቴሌቪዥኑ መምህር አይቆምለትም። መብራት ከጠፋም ትምህርቱ አለፈ። ክፍል ውስጥ ያለው መምህር ሊያስቆመውም ሊደግመውም አይችልም ነበር። ከዚህ የተማርኩት መሣሪያው በመምህሩ እጅ መሆን እንዳለበት ነው።

ዛሬ ይህ ይቻላል። የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ በነፃ የሚሰጣቸውን ፌት (PhET) የተባሉ የሳይንስ ማሳያዎች አንዴ ካወረዳችሁ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ። ተማሪው በስክሪኑ ላይ ሽቦ ከባትሪ ያገናኛል፣ አምፖሉ ይበራል፤ ሲያላቅቀው ይጠፋል። ላቦራቶሪ በሌለበት ይህ ብዙ ነው። ኮሊብሪ የተባለው ሶፍትዌር ደግሞ ከአንድ ኮምፒውተር ትምህርቶችን በአቅራቢያው ላሉ ስልኮችና ታብሌቶች ያለ ኢንተርኔት ያካፍላል።

አብርሃ ጅራ የሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ ከክፍል የሚቀሩ ልጆች አሉ። ያመለጣቸውን ትምህርት በአማርኛ በድምፅ ቀርጬ በሚሞሪ ካርድ ብሰጣቸው፣ ማታ ከሥራ በኋላ በቤተሰብ ስልክ ያዳምጡታል። ያልገባቸውን ግን ቁጭ ብዬ ማስረዳት የእኔ ሥራ ነው።

እጩ መምህራን ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ኔትወርክ ባለበት ከተማ ሳለን እናውርድ፣ እንሞክር። ቆላ ስንወርድ ባዶ እጃችንን አንሂድ።