ዓሣ ሲፈራ የት ይሄዳል?

ሰው ማንንም የማያውቅበት ሰርግ ቤት ሲገባ መጀመሪያ ጥግ ይፈልጋል። ግድግዳ ተደግፎ ይቀመጣል፤ ዓይኑ በሩ ላይ ነው። ቆይቶ፣ ቦታውን ሲለምደው፣ ወደ መሃል ይመጣል።

ዜብራፊሽም እንዲሁ ነው። ጎኑ ላይ መስመር የተጋደመበት፣ ከጣት የሚያንስ የደቡብ እስያ ዓሣ ነው። ተመራማሪው በመረብ ያወጣውና ብቻውን አዲስ ገንዳ ውስጥ ይለቀዋል። ዓሣው ወዲያው ወደ ታች ይወርዳል። አንዳንዴም ባለበት ደርቆ ይቆያል። ደቂቃዎች ሲያልፉ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣል። ካሜራው ስንት ሰከንድ ታች፣ ስንት ሰከንድ ላይ እንደቆየ ይቆጥራል። ሙከራው በአጭሩ ይኸው ነው።

ቀልድ ይመስላል፤ አይደለም። ለሰው ጭንቀት የሚታዘዘው ቡስፒሮን ሲሰጠው ዓሣው ታች የሚቆይበት ጊዜ ያጥራል። ሲጨነቅ በሰውነቱ የሚረጨው ዋናው ሆርሞን እንደ ሰው ኮርቲሶል ነው፤ የአይጥ እንኳን ሌላ ነው። በ2013 የታተመው የዘረመል ጥናት ደግሞ 70 በመቶ ያህሉ የሰው ጂኖች በዚህ ዓሣ ውስጥ ቢያንስ አንድ አቻ እንዳላቸው አሳይቷል።

ጥያቄው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ዓሣው የማይጨነቅ ከሆነ ስለ ሰው ጭንቀት ምን ሊያስተምር ይችላል? የሚጨነቅ ከሆነስ ሆን ብሎ ማስጨነቅ ቀላል ነገር ነው? ለምርምሩ ገንዘብ ሲጠየቅ «እንደ ሰው ነው»፣ ስለ ስቃዩ ሲነሳ «ዓሣ እኮ ነው» ማለት በአንድ አፍ ሁለት ምላስ ነው።

ጠንቃቃ ተመራማሪዎች «ጭንቀት» አይሉም፤ «ጭንቀት መሰል ባሕርይ» ይላሉ። ዓሣው ውስጡ ምን እንደሚሰማው ማንም ገብቶ አላየምና ቃሉ ትሕትና አለው። ግን «መሰል» የምትለዋ ቃል መደበቂያም ልትሆን ትችላለች።

ይህ ሁሉ ምርምሩ ይቁም ለማለት አይደለም። ጭንቀት ከቤት እንዳይወጣ ያሰረው፣ ያለው መድኃኒት ያልሠራለት ሰው አለ። የእሱም ስቃይ ይቆጠራል። ነገር ግን የአውሮፓ ኅብረት በ2010 ባወጣው መመሪያ ዓሣን ከአይጥ ጋር በሕግ ጥበቃ ሥር ያስገባው ያለ ምክንያት አይደለም። በጥቂት ዓሣ የሚመለስ ጥያቄ በብዙ አይጠየቅ። መልሱ የታወቀ ሙከራ አይደገም። ከመንጋው ጋር መኖር የለመደ ዓሣ ያለ ምክንያት ለብቻው አይቀመጥ።

ፍርሃቱ እንደ መረጃ ከተቆጠረ፣ እንደ ዕዳም ይቆጠር።