ኤርታሌን ጥያቄ በጥያቄ እንረመው

ጃኖ ባንድ «ኤርታሌ»ን ካወጣ ከአስር ዓመት በላይ ሆነው። ዛሬም ግን የአልበሙ ስም ሲነሳ ሰው በሦስት ይከፈላል። አንዱ «ኧረ ተወኝ፣ ጩኸት ነው» ይላል። ሁለተኛው «የኛ ሮክ!» ብሎ ደረቱን ይነፋል። ሦስተኛው ሜታሊካና ሊንኪን ፓርክ እየሰማ ያደገው ነው። እሱ ደግሞ «ይሄ ምኑ ነው ሮክ? የሀገር ዘፈን ላይ ጊታር ለጥፈውበት ነው እንጂ» ይላል። እኛ ስታፍ ሩም ውስጥ ሦስቱም ዓይነት አሉ፤ ሻይ ሰዓት ላይ ከተነሳ ደወል እስኪደወል አያልቅም።

እኔን የሚገርመኝ አንድ ነገር ነው። ሦስቱንም «የትኛው ዘፈን?» ብላችሁ ጠይቋቸው። አብዛኞቹ ዝም ይላሉ። ወይ ሙሉ አልበሙን ይጥላሉ፣ ወይ ሙሉውን ያነሳሉ። አልበሙ ግን ወጥ አይደለም። በጣም የወጡለት ዘፈኖች አሉት፣ ያልወጡለትም አሉት። እንዲህ ዓይነት ሥራ ላይ የጅምላ ፍርድ መስጠት ሰሚውንም ሠሪውንም ይጎዳል ባይ ነኝ። ዛሬ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጽፍበት ነው፤ ታገሱኝ።

ያኔ ልጅ ለነበራችሁ ታናናሾቼ ነገሩን ላስታውሳችሁ። ጃኖን ያሰባሰበው ለዓመታት የዚጊ ማርሌይ ማናጀር የነበረው አዲስ ገሠሠ ነው። ወጣት ሙዚቀኞችን መርጦ፣ አራት ድምፃዊ ከፊት አቆመ፦ ዲበኩሉ ታፈሰ፣ ኃይሉ አመርጋ፣ ሃሌሉያ ተክለፃዲቅና ሄዋን ገብረወልድ። የመጀመሪያውን አልበም ፕሮዲውስ ያደረገው ደግሞ አሜሪካዊው ቤዝ ተጫዋች ቢል ላስዌል ነው። ላስዌል እ.ኤ.አ. በ1983 ከሄርቢ ሃንኮክ ጋር «ሮኪት»ን የሠራ፣ በ2001 ደግሞ የእጅጋየሁ ሽባባውን (የጂጂን) በስሟ የተሰየመ አልበም ፕሮዲውስ ያደረገ ሰው ነው። አልበሙ በኛ አቆጣጠር በ2005 ዓ.ም. ገደማ ወጣ። ስሙን ከአፋሩ እሳተ ገሞራ ወሰደ፤ የባንዱ ስም ደግሞ ከመኳንንቱ ባለ ቀይ ጥለት ልብስ። አስቡት፣ በአንድ እጅ ጃኖ፣ በሌላው እሳተ ገሞራ። ቃል የገቡልን ነገር ትልቅ ነበር። ሰው የተከፋፈለውም አንዱ ምክንያት ይሄ ይመስለኛል፤ ትልቅ ቃል የገባ ሰው ትንሽ ሲያጎድል በጣም ያስታውቃል።

እሺ፣ «ጩኸት ነው» ከሚሉት እንጀምር። እነዚህን ሰዎች አልንቃቸውም። ፊዚክስ አስተማሪ ስለሆንኩ ሰሌዳ ላይ እንደምሠራው ላስረዳ። የኤሌክትሪክ ጊታር «ዲስቶርሽን» የሚባለው ሞገዱን ከአቅሙ በላይ አጉልቶ ጫፉን መቁረጥ ነው። ያ ለስላሳ ኮረብታ የሚመስለው ሞገድ አናቱ ተላጭቶ ጠፍጣፋ ይሆናል። ጫፉ ሲቆረጥ በመጀመሪያው ድምፅ ውስጥ ያልነበሩ ብዙ ቀጫጭን ድምፆች ይፈጠራሉ። ለዚህ ነው አንድ ጊታር ክፍሉን ሙሉ የሚሞላው። ችግሩ እነዚህ ቀጫጭን ድምፆች የሚቀመጡት የሰው ድምፅ ጥራቱን በሚያገኝበት ቦታ ላይ መሆኑ ነው፤ ተነባቢ ፊደላት ተለይተው በሚሰሙበት ማለቴ ነው። ስለዚህ ጊታሩ ካልተገራ ቃሉን ይበላዋል።

እኛ ሀገር ደግሞ ቃል ከተበላ ዘፈኑ ግማሹን አጣ ማለት ነው። እንግሊዝኛ ሮክ ስንሰማ ግጥሙን ግማሹን ሳንይዝ አብረን እንጮሃለን፤ ችግር የለብንም። አማርኛ ዘፈን ሲሆን ግን የመጀመሪያው ጥያቄያችን «ምን አለ?» ነው። እናቴ ዘፈን ስትሰማ ጆሮዋን ወደ ግጥሙ ነው የምታዞረው፤ ዜማው በኋላ ይመጣል። በሰምና ወርቅ ያደገ ሰው አንድ ስንኝ ሲያመልጠው የተታለለ ያህል ይሰማዋል። በ«ኤርታሌ» ላይም ጊታሩ፣ ኪቦርዱና ከበሮው አንድ ላይ ሲነሱ፣ ድምፃዊው ጉሮሮውን ሊያንቆረቁር የሚሞክርበት ቦታ አለ። እዚያ ላይ ሁለቱ ይጋጫሉ። የኛ አዘፋፈን ድምፅን ማወዛወዝ፣ ማጠፍ፣ መመለስ ይወዳል፤ ለዚያ ደግሞ አየር ይፈልጋል። አየር ያልተተወለት ቦታ ላይ «ጩኸት» ያለው ሰው እውነቱን ነው።

ግን አንድ ነገር ልጨምር። ያን አልበም በምንድን ነው የሰማነው? ብዙዎቻችን ዘፈን ከሚጭኑ ልጆች ጋ ሚሞሪ አስጭነን፣ ጥራቱ ወርዶ የተጨመቀ ፋይል በስልክ ስፒከር ነው የሰማነው። ወይም ከሜክሲኮ ጀሞ በሚመላለሰው ሚኒባስ ውስጥ፣ ቤዙ ወንበሩን እያንቀጠቀጠ፣ ረዳቱ «የቀራችሁ ሒሳብ!» እያለ። ቤዝ ተጫዋች የሆነ ፕሮዲውሰር ያቀናበረው፣ ብዙ መሣሪያ የተደራረበበት ሙዚቃ እንዲህ ሲሰማ ይጨማለቃል። አንድ ድምፃዊና አንድ ኪቦርድ ያለው ዘፈን በምንም ስፒከር ይሰማል፤ የባንድ ሙዚቃ ግን አይችልም። ስለዚህ ከ«ጩኸቱ» ውስጥ የተወሰነው የስልካችን ነው። በደህና ማዳመጫ እንደገና ሞክሩት፤ ከጀርባ ተሸፍነው የነበሩ ነገሮች ይወጣሉ።

«የኛ ሮክ!» የሚሉት ደግሞ ከሚያውቁት በላይ ልክ ናቸው። በዓለም ላይ ያለ ማንኛውም ጀማሪ የሮክ ጊታር ተማሪ መጀመሪያ የሚለማመደው ከብሉዝ የመጣ ባለ አምስት ድምፅ መሰላል አለ። ባቲ ሚነር የምንለውን ቅኝት ወስዳችሁ ጎን ለጎን አስቀምጡት፤ አምስቱም ድምፆች ያው ናቸው። ትዝታ ሜጀርም በሌላው ዓለም የታወቀ ባለ አምስት ድምፅ መሰላል ነው። ልዩነቱ አጨዋወቱ ላይ ነው፣ የት እንደምታርፍ፣ የትኛውን ድምፅ እንደምታጎብጠው። እንግዲህ ሮክና የኛ ዜማ ሲገናኙ እንደ ሩቅ ባዳ አይደሉም፤ የተጠፋፉ የአክስት ልጆች ናቸው። «ኤርታሌ» ላይ ጊታሩ ይህን ዝምድና አስታውሶ፣ እንደ ክራርም እንደ ማሲንቆም ሆኖ ድምፃዊውን ሲመልስለት ፀጉሬ ይቆማል። አራቱ ድምፃውያን ተራ በተራ ተቀባብለው አዝማቹ ላይ አንድ ላይ ሲወጡም እንዲሁ። «ዳሪኝ»ን ከዚህ አልበም መሆኑን ሳያውቅ የሚያዜም ሰው አውቃለሁ። አንድ ዘፈን ከባለቤቱ ስም አልፎ ከሄደ ተሳክቶለታል።

ግን ኩራት ብቻውን አድማጭ አያደርግም። «የኛ ሮክ» ብሎ ፖስት ያደረገ ሰው ሁሉ አልበሙን እስከ መጨረሻው ቢሰማው፣ ቲኬት ቢቆርጥ፣ ዛሬ በየሰፈሩ የሮክ ባንድ በኖረን ነበር።

ሦስተኛው፣ «ሮክ አይደለም» የሚለው ጓደኛችን፣ የሚያነሳው ነጥብ ምት ላይ ነው። ሮክ በአብዛኛው በአራት ይቆጠራል። የኛ ችክችካ በስድስት ይወዛወዛል፤ ትከሻ የሚያነሳው እሱ ነው። ሁለቱን ማጋባት ከባድ ነው። ከበሮው አንዱን መርጦ ሲሄድ ደስ ይላል። በመሃል ሳይወስን ሲቀር ግን እውነትም የተለጠፈ ይመስላል። እዚህ ላይ እስማማለሁ። የማልስማማው «ስለዚህ አይሆንም» ሲል ነው። ይሄማ ሆኖ አይተነዋል።

ሙላቱ አስታጥቄን ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ1966 ኒውዮርክ ላይ «አፍሮ ላቲን ሶል» የሚሉ አልበሞች አወጣ። ዛሬ ብትሰሟቸው ላቲኑ ጎልቶ ይሰማል፤ ኢትዮጵያዊው ዜማ አለ፣ ግን ገና ቤቱን አላገኘም። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1972፣ «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» መጣ። ዓለም ኢትዮ ጃዝ ብሎ የሚያውቀው ድምፅ እዚያ ላይ ተረጋግቶ ይሰማል። በ1966 «የተለጠፈ ነው» ተብሎ ቢያቆምስ? ፈረንጆቹም ጋ ያው ነው። ሬዲዮሄድ የሚባለው የእንግሊዝ ባንድ በ1993 «ፓብሎ ሃኒ»ን ሲያወጣ «ክሪፕ» የምትል አንዲት ዘፈን ዓለምን አዳረሰች፤ የቀረው አልበም ላይ ግን አድናቂዎቻቸው ሳይቀሩ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። አራት ዓመት ቆይቶ «ኦኬ ኮምፒውተር» መጣ፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቃላችሁ።

የኛ ሀገር ልዩነት ሁለተኛ ዕድል ውድ መሆኑ ነው። የባንድ ሥራ ብር ይበላል። ብዙ ሰው፣ ብዙ መሣሪያ፣ ብዙ ልምምድ። የምሽት ቤት ባለቤት አንድ ድምፃዊና አንድ ኪቦርድ ሊያሠራ ሲችል ለአስር ሰው ለምን ይከፍላል? የአንድ ሌሊት ክፍያ ለአስር ሲካፈል የታክሲ አይሆንም። ጃኖዎች እንደምንም ሁለተኛውን አልበም «ለራስህ ነው»ን አወጡ፤ በኔ ጆሮ እዚያ ላይ ድምፃዊው ይበልጥ ፊት መጥቷል፣ አየር አግኝቷል። ስንቱ ባንድ ግን ለሁለተኛው ሳይደርስ ተበትኗል?

ይህን ሁሉ ያስጻፈኝ አንድ የድሮ ተማሪዬ ነው። አስፈቅጄዋለሁ፣ ስሙን ግን አልጠራም። እዚሁ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ባንድ አለው። ከላይ ጎረቤት ወለል ይደበድባል፣ ከታች ሕፃን ይተኛል፣ መብራት ሲጠፋ ቀረጻው ይቋረጣል። በዚህ መሃል ሰባት ዘፈን ቀድተው በቴሌግራም ላከልኝ። «ቲቸር፣ ሁለቱ በጣም ወጥተዋል፣ ሁለቱ ይሄዳሉ፣ ሦስቱን ግን እንጃ። ሰው እንደ ኤርታሌ ወጥ አይደለም ብሎ በአንድ ቃል እንዳይጥለን ፈራን። እስኪስተካከል ብናቆየው ይሻላል?» አለኝ። አቆይተው ይሄው ሁለት ዓመት ሊሆናቸው ነው። አንዱ ጊታሩን ሊሸጥ እያሰበ ነው አሉ።

ያስተማርኳችሁ ታውቃላችሁ፣ የስሌት ጥያቄ ሳርም መጨረሻ መልሱን ብቻ አላይም። አምስት ማርክ ካለው ቀመሩን በትክክል የመረጠ አንድ ያገኛል፣ በትክክል የተካ አንድ ያገኛል፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል። መልሱ የተሳሳተ ሆኖ ሦስት ያገኘ ተማሪ አለ። መልሱ ትክክል ሆኖ ዜሮ ያገኘም አለ፤ ከጎኑ ስለቀዳ። ስህተትም ዓይነት አለው። ቸኩሎ የመደመር ምልክቱን የሳተና አዲስ መንገድ ሞክሮ መሃል ላይ የጠፋበት ልጅ አንድ አይደሉም።

ለልጁም ይህንኑ ነው የጻፍኩለት። ካሳሰቡህ ከሦስቱ በአንዱ ላይ ከበሮውና ቤዙ አልተገናኙም፤ ያ ልምምድ ማነስ ነው፣ እንደገና ቅዱት። ሁለቱ ግን ከዚህ በፊት ያልሰማሁትን ነገር ስትሞክሩ የተሰነካከላችሁባቸው ናቸው። አንዱ ላይ በአንቺ ሆዬ ቅኝት ከባድ ጊታር ለመጫወት ሞክራችኋል፤ አልሞላም፣ ግን መንገዱ አለ። እነዚያን አውጧቸው። ከተሳኩት ሁለቱ ይልቅ ወደ ሁለተኛው አልበም የሚወስዷችሁ እነሱ ናቸው። ቆልፋችሁ ካስቀመጣችኋቸው ማንም «እዚህ ጋ ጊታሩን ቀንሱት» ሊላችሁ አይችልም።

ለኛ ለአድማጮች ደግሞ ድርሻ አለን። «አሪፍ ነው» የሚለው አስተያየት ሙዚቀኛውን ለአንድ ቀን ያስደስተዋል፣ ምንም አያስተምረውም። «ጩኸት ነው» የሚለው ያሳዝነዋል፣ እሱም ምንም አያስተምረውም። «ሦስተኛው ዘፈን ላይ፣ ሁለተኛው ደቂቃ አካባቢ፣ ግጥሙ አልተሰማኝም» የሚል አንድ ሰው ግን ከሺህ ላይክ ይበልጣል። የተናገረው ነገር ሊስተካከል ይችላላ! የስቱዲዮ ብር ያጠራቀመ ልጅ ይህን ማግኘት ይገባዋል።

እንግዲህ ወዳጆቼ፣ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። ዛሬ ማታ «ኤርታሌ»ን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ስሙት። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣችሁ ሳይሆን፣ ማዳመጫ ሰክታችሁ። ከዚያ ከታች ጻፉልኝ፦ የትኛው ዘፈን ወጥቶለታል? የትኛው አልወጣለትም? የቱ ጋ? ለምን? ከአምስት ስንት ትሰጡታላችሁ?

በአንድ ቃል የመለሰ ዜሮ ነው። የኔን እርማት ታውቁታላችሁ።