ክረምት በድሬዳዋ ሐዲድ ላይ

በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች የሚማር የምሕንድስና ተማሪ ከመመረቁ በፊት ከክፍል ወጥቶ በአንድ መሥሪያ ቤት የተግባር ልምምድ ያደርጋል። ብዙው ተማሪ ለዚህ ቤተሰቡ ያለበትን ከተማ ይመርጣል፤ የቤት ኪራይና የቀለብ ሐሳብ አይኖርበትም። ከባሕር ዳር ተነሥቶ ክረምቱን ድሬዳዋ የሚከርም ተማሪ ወጪው ቢበዛም በአንድ ጉዞ መቶ ዓመት ያህል የሚራራቁ ሁለት የባቡር መስመሮች ያገኛል። 

ከአዲስ አበባ ወዲያ ያለው መንገድ የሚጀምረው ለቡ ካለው ጣቢያ ነው። እስከ ጅቡቲ 750 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚዘልቀው አዲሱ መስመር በመስከረም 2009 ዓ.ም. ተመርቆ በ2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት ጀመረ። ባቡሩ የሚጎተተው ከሐዲዱ በላይ በተዘረጋው ሽቦ በሚመጣ 25 ሺህ ቮልት ኤሌክትሪክ ነው። ሐዲዱ እስከ አዳማ ጥንድ ሆኖ ይመጣና ከዚያ በኋላ ነጠላ ይሆናል። ፊት ለፊት የሚመጡ ባቡሮች መተላለፍ የሚችሉት ጣቢያ ላይ ብቻ ስለሆነ፣ አንዱ ሲዘገይ ሌላውም ቆሞ ይጠብቀዋል። ተሳፋሪው በዚህ ይነጫነጫል፤ ተማሪው ግን የመርሐ ግብር አወጣጥን የመጀመሪያ ትምህርት እዚያው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ያገኛል።

መተሐራ ሲደረስ የበሰቃ ሐይቅ ይታያል። በ1950ዎቹ ስፋቱ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረው ይህ ጨዋማ ሐይቅ ዛሬ ከ40 በላይ ሆኗል። ለመስፋቱ ከአዋሽ ወንዝ ተጠልፎ ለመስኖ የሚውለው ውሃና የከርሰ ምድር ምንጭ በምክንያትነት ይጠቀሳሉ። የድሮውን ሐዲድና አውራ ጎዳናውን እየዋጠ በመምጣቱ ሁለቱም በሙሌት ከፍ መደረግ ነበረባቸው። ከአዋሽ ወዲያ የአርብቶ አደሩ ምድር ነው። ከብትና ግመል ሐዲዱን ስለሚያቋርጡ ነጂዎቹ ፍጥነት ይቀንሳሉ፤ እንስሳ የተገጨበት ባለቤትም ካሣ ይጠይቃል። ለመንገደኞች በሰዓት እስከ 120 ኪሎ ሜትር እንዲሄድ የተነደፈ መስመር በግጦሽ መሬት ላይ ሌላ ስሌት እንደሚገጥመው በመማሪያ መጽሐፍ ተጽፎ አይገኝም።

ድሬዳዋ ራሷ የሐዲድ ልጅ ናት። የስዊሱ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከዐፄ ምኒልክ ፈቃድ ያገኘበት የባቡር ሥራ እ.ኤ.አ. በ1897 ከጅቡቲ ተጀመረ። መስመሩ ሐረርን ይነካል ተብሎ ታስቦ ነበር፤ ሆኖም ሐረር ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ስለምትገኝ ዳገቱ ከባድ ወጪ ይጠይቅ ነበር። ስለዚህ ሐዲዱ በ1,200 ሜትር አካባቢ በሚገኘው ሜዳ እንዲያልፍ ተደረገና እ.ኤ.አ. በ1902 አዲስ ከተማ ተቆረቆረች። ሥራውን የያዘው ኩባንያ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከሠረ። በምትኩ ሌላ ተቋቁሞ ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው።

የድሮው መስመር ዋና ወርክሾፕ የነበረው ከዚራ በሚባለው የድሬዳዋ ሰፈር ውስጥ ነው። በዚያ መስመር በጥንዶቹ ብረቶች መካከል ያለው ርቀት 1 ሜትር ስለነበር የአሁኑ 1.435 ሜትር ባቡር ሊሄድበት አይችልም፤ አንዱ የሌላውን ዕቃ አይጠቀምም። በግቢው የፈረንሳይ ሥራ የሆኑ ያረጁ ማሽኖች ይታያሉ። መለዋወጫ ከውጭ በማይገባባቸው ዓመታት ሠራተኞቹ የተሰበረውን ክፍል ለክተው በቶርኖ እየቀረጹ ይተኩት ነበር። በዚህ ጸሐፊ ግምት፣ ለሜካኒካል ተማሪ ከእነዚህ አዛውንት ሠራተኞች ጎን ሞርሳ ላይ የሚውልበት አንድ ሳምንት በኮምፒውተር ሥዕል ከሚያሳልፈው አንድ ወር ይበልጣል። ምነው ቢሉ፣ ሥዕሉ ላይ ያልተጻፈውን የብረት ጠባይ እጃቸው ያውቀዋል።

የሲቪል ተማሪ ትምህርት በአብዛኛው ሙቀቱ ነው። ሰኔ ላይ ቴርሞሜትሩ ከ35 ዲግሪ በላይ ይወጣል፤ ፀሐይ የመታው ብረት ደግሞ ከአየሩ እጅግ ይብሳል። 1 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ሐዲድ ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ሲጨምር፣ የሚይዘው ነገር ባይኖር 35 ሴንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል። የድሮው ሐዲድ በየመገጣጠሚያው ክፍተት ስለነበረው እዚያ ይላቀቅ ነበር። አዲሱ ግን ተበይዶ ረጅም አንድ ብረት በመሆኑ መርዘሚያ የለውም፤ ጭንቀቱን ውስጡ ያምቃል። ከጎን እንዳይጎብጥ የሚይዙት የኮንክሪት ተሸካሚዎቹና ዙሪያቸው የተሞላው ጠጠር ናቸው። ስለዚህ ጠጠሩን እየዞሩ ማየት፣ የጎደለውን መሙላት፣ የሐዲዱን ሙቀት መዝግቦ መያዝ ተራ የጥበቃ ሥራ መስሎ ቢታይም የመስመሩ ደኅንነት የተንጠለጠለው በዚህ ላይ ነው። ልምምዱ ዋጋ የሚኖረውም ተማሪው ይህን በራሱ እግር ሄዶ ሲመዘግብ ነው። ቢሮ ተቀምጦ ፋይል የሚያደራጅ ተማሪ ሪፖርቱን ማሳመር ይችል ይሆናል እንጂ መሐንዲስነትን አልተለማመደም።

ሌላው ጉዳይ ጎርፍ ነው። የከዚራንና የመጋላን ሰፈሮች የሚለየው የደቻቱ ወንዝ በአብዛኛው ዓመት ደረቅ አሸዋ ሆኖ ይታያል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ሌሊት ከሐረርጌ ተራሮች የወረደ ውሃ ሞልቶት ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ደረቅ ወንዝን አይቶ ድልድይ ማሳጠር ምን እንደሚያስከትል ለመረዳት ይህን አሸዋ ማየት ይበቃል።

ኑሮው አይከብድም። ጠዋት ፉልና ፈጢራ፣ ከሰዓት ጥላ ፍለጋ፣ ማታ ንፋስ መቀበል ነው። ከትልቅ እስከ ትንሽ ሁሉም አንተ መባባሉ የጎጃምን ልጅ መጀመሪያ ያስደነግጠዋል፤ ሳይቆይ ይለምደዋል።

ለዚህ ልምምድ የሚያስብ ተማሪ የትምህርት ክፍሉን ደብዳቤ ክረምቱ ሳይገባ ያስገባ፣ ጠንካራ የሥራ ጫማና ባርኔጣ ይያዝ፣ የባቡሩንም የጉዞ ቀን አስቀድሞ ይጠይቅ።