አይጧ እኔ ነበርኩ

አሥረኛ ክፍል እያለሁ፣ ቤቱ ሁሉ ከተኛ በኋላ በባዶ እግሬ ወደ ጓዳ እሄድ ነበር። ርቦኝ እንዳይመስላችሁ። እራቴን በልቻለሁ፤ ያውም እማዬ "በሞቴ ጉረሺ" እያለችኝ። ዳቦ፣ የተረፈ ፍርፍር፣ ደረቅ እንጀራ በበርበሬ፣ ያገኘሁትን ሁሉ ሆዴ እስኪወጠር እውጣለሁ። ከዚያ መሶቡን ቀስ ብዬ ከድኜ፣ እያለቀስኩ እተኛለሁ። ጠዋት እማዬ "አይጥ ገባ እንዴ?" ስትል እኔም አብሬ እገረማለሁ (ትወናዬ ለጉድ ነበር!)።

ያኔ የማውቀው ስም "ሆዳም" የሚለውን ብቻ ነው። የአሜሪካ ሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 እ.ኤ.አ. "ቢንጅ ኢቲንግ ዲስኦርደር" ብሎ ራሱን የቻለ ሕመም አድርጎ እንደመዘገበው ያነበብኩት ከተመረቅሁ በኋላ ነው።

ይበልጥ የገረመኝ ግን የሚልክሼኩ ነገር ነው። እነ ኤሪክ ስታይስ በ2008 እ.ኤ.አ. ሳይንስ መጽሔት ላይ ባወጡት ጥናት፣ ወጣት ሴቶችና ታዳጊ ልጃገረዶች ኤምአርአይ ውስጥ ተኝተው ቸኮሌት ሚልክሼክ በቱቦ ይቀምሳሉ። ክብደታቸው ከፍ ባለው ላይ፣ ስትራያተም የሚባለው ከደስታ ጋር የተያያዘ የአንጎል ክፍል ምላሹ ደከም ያለ ነበር። ጥናቱ ስለ ክብደት ነው እንጂ ስለ ሌሊት ጓዳ አይደለም፤ እኔ ደግሞ ያኔ ቀጭን ነበርኩ። ግን "ደከም ያለ" የሚለው ነገር አልለቀቀኝም። ከሦስተኛው ጉርሻ በኋላ ምንም አይጣፍጠኝም ነበርና። የሚጣፍጠው ወደ ጓዳ እስክደርስ ያለው ነበር።

ታናሽ እህቴ ዘንድሮ አሥራ አምስት ሞላት። "ዳይት ላይ ነኝ" እያለች ምሳ መዝለል ጀምራለች። እኔም የጀመርኩት እንዲሁ ነው። ባለፈው ሌሊት የጓዳው በር ሲጢጥ ሲል ሰማሁ። መብራት ሳላበራ ሄጄ አጠገቧ ቁጭ አልኩ።