ካርቶኑ ውስጥ የታጠፈችው ወረቀት

ዛሬ በጥያቄ ልጀምር። አዲስ ስልክ ስትገዙ አብሮት የሚመጣውን የአጠቃቀም መመሪያ ያነበበ አለ? እኔ እስካሁን አላጋጠመኝም። ቻርጀሩ ይወጣል፣ ሲሙ ይገባል፣ ወረቀቱ ከካርቶኑ ጋር ቁም ሳጥን ላይ ይወጣል። ስልክ ከሆነ ግድ የለም፤ ተሳስተን ብንነካው አጥፍቶ ማብራት ነው። ለአዲስ ምጣድም ጎረቤት መጥታ በጎመን ዘር እንዴት እንደሚሟሽ ታሳየናለች እንጂ መመሪያ ማን ይፈልጋል?

እኔን የሚያሳስበኝ ከመድኃኒት ቤት ይዘነው የምንገባው ካርቶን ነው።

የምሠራው ደብረ ሲና ነው። ከተማችን ደጋ ናት፤ ወባ እዚህ አይራባም። ነገር ግን ወደ ሸዋ ሮቢትና ወደ ይፋት ቆላ ቁልቁል መውረድ ሩቅ መንገድ አይደለም። ክረምቱ ወጥቶ ማሾውና ማሽላው ሲደርስ ሰው ለሥራ ይወርዳል፣ ዘመድ ሊጠይቅ ይወርዳል፣ ልጅም ይዞ ይወርዳል። ትንኟ ከነከሰች በኋላ ትኩሳቱ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከሳምንት በላይ ቆይቶ ስለሆነ፣ ሰው ወደ ደጋው ተመልሶ ቤቱ ከገባ በኋላ ያንቀጠቅጠውና «ብርድ መታኝ» ብሎ ይተኛል። በዚህ ወቅት ትኩሳት ይዟችሁ ስትመጡ «ቆላ ወርደህ ነበር ወይ?» ብለን የምንጠይቃችሁ ለዚህ ነው።

በምርመራ ፋልሲፓረም የሚባለው የወባ ዓይነት ከተገኘ ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ኮአርተም ነው። አገራችን ፋንሲዳርን ትታ ወደዚህ መድኃኒት የገባችው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። አወሳሰዱ በክብደት ነው። ከ5 እስከ 15 ኪሎ ላልሞላ ሕፃን በአንድ ጊዜ 1 ፍሬ፣ ከ15 እስከ 25 ላልሞላ 2፣ ከ25 እስከ 35 ላልሞላ 3፣ ከዚያ በላይ 4 ፍሬ ነው። ለሁሉም 6 ጊዜ፣ በ3 ቀን። ሁለተኛው የሚወሰደው ከመጀመሪያው 8 ሰዓት በኋላ ነው፤ ማታ 2 ሰዓት የጀመረ ሰው ሌሊት 10 ሰዓት ተነስቶ ይውጣል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ጠዋትና ማታ።

አንድ አባት የስድስት ዓመት ወንድ ልጁን አቅፎ መጣ። ልጁ መንገድ ላይ አንቀጥቅጦት ራሱን ስቷል። ስጠይቅ ነገሩ ወደ ኋላ ሄደ። ከሦስት ሳምንት በፊት ታላቅ እህቱ ወባ ታማ ኮአርተም ታዞላት ነበር። በሁለተኛው ቀን ትኩሳቷ ለቀቃት፣ መጫወት ጀመረች፣ የቀረውን ፍሬ እናቷ ለክፉ ቀን ብላ አስቀመጠችው። ልጁ ሲያተኩሰው ያው የተረፈው ተሰጠው። ያልበቃው ለእሱ ብቻ አይደለም፤ ለእህቱም አልበቃም ነበር፤ እሷም ትኩሳቱ ተመልሶባት ቤት ተኝታለች።

ልጁ የደም ስኳሩ ወርዶ ነበር። ግሉኮስ ሰጠነው፣ የአርቴሱኔት መርፌ ጀመርንለት። ያቺን ሌሊት አባቱ ወንበር ቢሰጠውም ሳይቀመጥ አነጋ። በማግስቱ ከሰዓት ልጁ ዓይኑን ገልጦ ውኃ ጠየቀ። እህቱንም አስመጥተን እንደገና ታከመች።

አባትየው የመድኃኒቱን ካርቶን ኪሱ ውስጥ ይዞት ነበር። ወረቀቷ እንደታጠፈች ውስጡ አለች። አውጥቼ ዘረጋኋት፤ እንግሊዝኛ፣ ያውም እንደ ጉንዳን የደቀቀ ጽሑፍ። «ዶክተር፣ ባነበውስ ምን ይለኛል?» አለኝ። ስምንተኛ ክፍል ድረስ የተማረ ሰው ነው፤ አማርኛ ቢሆን ያነበው ነበር።

ስለዚህ «ሕዝባችን ማንበብ አይወድም» የሚለውን ወቀሳ እኔ አልቀበለውም። ወረቀቷ ለእሱ አልተጻፈችም። የአማርኛ መግለጫ በየካርቶኑ እስኪገባ ግን ልጆቻችን መታመማቸውን አያቆሙም። ስለዚህ ያንኑ ካርቶን ከዚያ አባት ጋር እንደገና አየነው። ፍሬዎቹ የታሸጉበት ላይ የፀሐይና የጨረቃ ሥዕል አለ፤ ፀሐይ ጠዋት፣ ጨረቃ ማታ። በየረድፉ ስንት ፍሬ እንደሚወሰድ ይታያል። ለዚህ እንግሊዝኛ አያስፈልግም። «ይሄማ ግልጽ ነው» አለ፣ ትንሽም ተቆጣ። ማን ላይ እንደተቆጣ አልጠየቅኩትም።

ሥዕሉ የማይነግራችሁ ሁለት ነገር ልጨምር። ይህ መድኃኒት ወደ ደም በደንብ የሚገባው ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድ ነው፦ ወተት፣ ቅቤ የገባበት ወጥ፣ በጾም ከሆነ ዘይት ያለው ወጥ ወይም ለውዝ። ልጁ ከዋጠ በኋላ አንድ ሰዓት ሳይሞላው ካስመለሰው ደግሞ ያው መጠን ይደገማል። ምንም ነገር ሆዱ ካልረጋለት፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ከደነዘዘ ግን ቤት አታቆዩት፤ ያ የመርፌ ጉዳይ ነው።

በነገራችን ላይ ከወባ የሚብስ ስህተት የምናይበት ቀላል ነገር አለ፤ ለተቅማጥ የሚሰጠው የኦአርኤስ ዱቄት። በብዛት የምናገኘው ፓኬት የሚበጠበጠው በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ ነው። በኩባያ የሚበጠብጡት እናቶች «ይበረታለት» ብለው ነው፤ ግን ጨው የበዛበት ውኃ ሕፃኑን ይጎዳዋል እንጂ አያበረታውም። የ1 ሊትር የታሸገ ውኃ ባዶ ጠርሙስ ቤታችሁ ይኑር፣ መለኪያው እሱ ነው። ሳያልቅ 24 ሰዓት ካለፈው ይደፋል። አብሮ የሚሰጠው ዚንክም ተቅማጡ ቢቆም እንኳ 10 ቀን ይሞላል።

የፓራሲታሞል ሽሮፕ ላይ ደግሞ ቁጥሩን እዩ። አንዱ ጠርሙስ በ5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 120 ሚሊ ግራም፣ ሌላው 250 ሚሊ ግራም ይይዛል። ባለፈው «አንድ ማንኪያ» የተባለላችሁ ልክ ዛሬ በገዛችሁት ጠርሙስ ከእጥፍ በላይ ሊሆን ይችላል።

አንብበው የሚታመሙም አሉ፣ ልብ በሉ። አንዲት እናት የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ድንገት አቆሙ። ዩኒቨርሲቲ የሚማረው የልጅ ልጃቸው ወረቀቷን አንብቦ የጎንዮሽ ጉዳቱን አንድ በአንድ ተርጉሞላቸዋል፤ ሳል፣ ማዞር፣ የፊት እብጠት፣ ሌላም። «ልጄ፣ ይሄ መድኃኒት ነው ወይስ መርዝ?» አሉኝ። ሲለካ ግፊታቸው 190 በ110 ደርሷል። ልጁ ጥሩ ነው ያደረገው፤ የጎደለው አንድ ነገር ነው። ወረቀቱ ላይ «በጣም የተለመደ» የሚለው ከ10 ሰው ቢያንስ አንዱን የሚያገኝ ነው፤ «አልፎ አልፎ ብቻ» ከሚባሉት ብዙዎቹ ከ1,000 ሰው አንድ እንኳ አያገኙም። እሳቸውን የያዛቸው ደረቅ ሳል ነበር፤ መድኃኒቱን በሌላ ቀየርንላቸው። ፊት ወይም ከንፈር ካበጠ ግን ወዲያው አቁሞ ወደ እኛ መሮጥ ነው። የቀረውን ሳታቆሙ ጠይቁን።

መድኃኒት ቤት ስትሄዱ ከመስኮቱ ቶሎ አትነሱ። ወረፋ አለ ብላችሁ አትፈሩ። «እስቲ እኔ ልድገምልሽና ካጠፋሁ አርሚኝ» በሏት ፋርማሲስቷን፤ ስንት ፍሬ፣ በስንት ሰዓት፣ ስንት ቀን፣ ከምግብ ጋር ነው ያለ ምግብ። የልጃችሁን ክብደት ካላወቃችሁ እዚያው ይመዘን። አንድ ደቂቃ ነው።

ዘንድሮ አዲስ አጎበር የደረሳችሁ የቆላ ቤተሰቦች፣ የእሱም መመሪያ ላስቲኩ ላይ ነው ያለው፣ ላስቲኩ ደግሞ ዕለቱን ይጣላል። ከላስቲኩ አውጥታችሁ ጥላ ሥር 24 ሰዓት አናፍሱት፤ ፊት የሚለበልበው ያኔ ይቀንሳል። ሲታጠብ በተራ ሳሙና ብቻ፣ በረኪና አይነካውም፤ ወንዝ ውስጥም አይታጠብም። የሚሰጣውም ጥላ ላይ ነው፤ ፀሐይ መድኃኒቱን ታጠፋዋለች። ማታ ጫፉ ከፍራሹ ሥር ይግባ፣ ሕፃኑ መጀመሪያ ይተኛ።