ያልገባኝ ሁሉ ረብሻ ነበር

ሆሞሻ ውስጥ የአማርኛ መምህር ነኝ። ወላጆቼ በ1977ቱ ድርቅ ከወሎ መጥተው አሶሳ ዙሪያ ከሰፈሩት ናቸው። እዚሁ ተወልጄ ባድግም የበርታን ቋንቋ ከሰላምታ አልፌ አላውቅም። ይህንንም እንደ ጉድለት ቆጥሬው አላውቅም ነበር።

በክፍሌ አንድ ደንብ አለ፤ መምህር ሲያስተምር ማውራት ክልክል ነው። ያወራ ይመዘገባል፤ ሦስት ጊዜ የተመዘገበ ወላጅ ያመጣል። ደንቡን ለሁሉም እኩል የማስከብር ይመስለኝ ነበር።

ባለፈው ዓመት አንድ የ5ኛ ክፍል ተማሪዬን ወላጅ እንዲያመጣ አሰናበትኩት። እናቱ ወርቅ ለማጠብ ወንዝ ወርደው ስለነበር ልጁ ሳምንት ሙሉ ከትምህርት ቀረ። በመጨረሻ እናቱ መጡ፤ አማርኛ ግን አይችሉም። የልጁ ጓደኛ ያስተረጉምልን ጀመር። እሳቸው በተናገሩ ቁጥር ወደ አስተርጓሚው ጎንበስ ብዬ በሹክሹክታ “ምን አሉ?” እላለሁ። ልጁ ትንሽ ካመነታ በኋላ እንዲህ አለኝ፦ “ልጄም ክፍል ውስጥ የሚያወራው ያልገባውን ለመጠየቅ ነው፤ አሁን እርስዎ እንደሚያደርጉት ነው እያሉ ነው።”

የምመልሰው አጣሁ።

ማታ መዝገቤን ገልጬ ቆጠርኩ። ከክፍሉ ተማሪዎች የበርታ ልጆች ግማሽ ያህል ናቸው፤ ከተመዘገቡት 19 ስሞች ግን 15ቱ የእነሱ ነበሩ። በአማርኛ የሚያንሾካሹኩም ሞልተዋል። እነሱ “እርሳስ አውሰኝ” ሲባባሉ ስለሚገባኝ አልፋቸዋለሁ። ያልገባኝን ግን ረብሻ፣ አንዳንዴም ስድብ ነው ብዬ እመዘግባለሁ። ማንንም ልበድል አስቤ አይደለም፤ በደሉ ግን ተፈጽሟል።

ነገሩ የእኔ ብቻ አለመሆኑን በኋላ አነበብኩ። የአሜሪካ መንግሥት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ሪፖርት፣ ጥቁር ተማሪዎች ከመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች 15.5 በመቶ ሆነው ሳለ፣ ከትምህርት ከታገዱት 39 በመቶ ያህሉ እነሱ ነበሩ። እዚያም ደንቡ በወረቀት ላይ ለሁሉም አንድ ነው።

ልጁን ይቅርታ ጠየቅሁት፤ ያመለጠውን ፈተናም አስፈተንኩት። ደንቡን አልሻርኩም። አሁን ግን ስም ከመጻፌ በፊት “ምን እያላችሁ ነው?” ብዬ እጠይቃለሁ። በየትምህርቱ መሀል አምስት ደቂቃ በፈለጉት ቋንቋ እንዲረዳዱ እሰጣቸዋለሁ። እኔም ከእነሱ በቀን አንድ ቃል እማራለሁ፤ አጠራሬ ያስቃቸዋል።

ወላጆች፣ ልጃችሁ “ወላጅ አምጣ ተባልኩ” ብሎ ሲመጣ ከመቆጣታችሁ በፊት ምን ሲናገር እንደተያዘ ጠይቁት። ከዚያ መጥታችሁ ለእኛም ንገሩን።