ክፍል ያልገባው ዶሴ

የልዩ ዐቃቤ ሕግን ጽሕፈት ቤት ያቋቋመው አዋጅ ቁጥር 22/1984 ዓላማው ወንጀለኛን ለፍርድ ማቅረብ ብቻ አልነበረም። በደርግ ዘመን የተፈጸመው ግፍ ለትውልድ ተመዝግቦ እንዲቀመጥ፣ ሕዝቡም እንዲማርበትና እንዲያ ያለ አገዛዝ ዳግም እንዳይመጣ በመግቢያው ላይ አስፍሮ ነበር። ፍርዱ ስንት ዓመት ፈጅቶም ቢሆን ተሰጠ። ትምህርቱ ግን የት ደረሰ? እዚህ ጅዳ፣ አገራቸውን ከወላጆቻቸው ወሬና ከስልክ ብቻ የሚያውቁ ልጆቻችንን ባየሁ ቁጥር አንጀቴን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

ቁጭቱ የባሰብኝ ጥር 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። በዚያች ዕለት መቀመጫው መካ የሆነው የዓለም ሙስሊም ሊግ ዋና ጸሐፊ ሙሐመድ አል-ኢሳ የሙስሊም ልዑካን አስከትለው ፖላንድ ውስጥ ኦሽዊትዝ ገቡ፤ ናዚዎች የፈጇቸውን አይሁድ አሰቡ። በዚያችው ዕለት ሄግ ላይ የዓለም ፍርድ ቤት፣ ምያንማር ሮሂንጋዎችን ከዘር ማጥፋት ድርጊት እንድትጠብቅ አዘዘ። ከሳሿ ትንሿ ጋምቢያ ናት፤ ከጀርባዋ የቆመው ደግሞ ዋና መሥሪያ ቤቱ ጅዳ ያለው የእስልምና ትብብር ድርጅት። መካ ውስጥ ከምያንማር ተሰደው መጥተው ወልደው የከበዱ ሮሂንጋዎች ብዙ ናቸውና ነገሩ እዚህ የሩቅ ወሬ አልነበረም።

ጋምቢያ የተንተራሰችበትን የዘር ማጥፋት ወንጀል ስምምነት ከዓለም ሁሉ ቀድማ ያጸደቀችው ኢትዮጵያ ናት፤ ሰኔ 24 ቀን 1941 ዓ.ም.። ያን ጊዜ ፋሽስት ኢጣሊያ በ1929 ዓ.ም. አዲስ አበባና ደብረ ሊባኖስ ላይ የፈጀውን ሕዝብ የሚያስታውሱ ሰዎች ገና በየቤቱ ነበሩ። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ደግሞ ከስምምነቱ አልፎ ሄደ፤ አንቀጽ 281 በፖለቲካ ቡድን ላይ የሚፈጸመውን ፍጅትም ጨመረ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ዓ.ም. ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያምና አብረዋቸው የተከሰሱት አብዛኞቹ የደርግ ባለሥልጣናት ጥፋተኛ የተባሉት በዚሁ አንቀጽ ነው። ከሦስቱ ዳኞች አንዱ በሐሳብ ተለይተዋል። ለምን ተለዩ? ሕጉ የፖለቲካ ቡድንን ለምን ጨመረ? ዓለም ለምን ተወው? ይህ አንድ ክፍል ተማሪ ቀናት ሙሉ የሚከራከርበት ትምህርት ነበር።

በእጃችን የነበረውን አስቡት። ግድያ የታዘዘባቸው የተፈረሙ ደብዳቤዎች። ችሎት ፊት ቆመው የመሰከሩ እናቶች። የአርጀንቲና የፎረንሲክ ባለሙያዎች ከጅምላ መቃብር ያወጡት አጽም። ለክሱ ሥራ የውጭ መንግሥታት ሳይቀሩ ገንዘብ ረድተዋል። ልዩ ዐቃቤ ሕጉ በ2002 ዓ.ም. ያወጣው «ደም ያዘለ ዶሴ» የተባለው መጽሐፍ ሁሉንም ሰብስቦ ይዟል። ያን ጊዜ ምስክሮቹ ገና በሕይወት ነበሩ፤ መምህራን ማሠልጠን፣ ተማሪ ፊት አቁሞ ማናገር፣ ድምፃቸውን ቀርፆ ለየትምህርት ቤቱ ማደል ይቻል ነበር። ይህን ሁሉ የሚያሠራ በጀት አልተመደበም። ደርግ ተቃዋሚዎቹን የፈጀበት ቀይ ሽብር በታሪክ መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ባጭሩ ተነግሮ ይታለፋል። መስቀል አደባባይ ያለውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ለማቆም የደከሙት የሟች ቤተሰቦችና ከእስር የተረፉት ናቸው፤ ጎብኚ እየመሩ የሚያስረዱትም ራሳቸው እስር ቤቱን ያዩ ሰዎች ነበሩ። እነሱም እያረጁ፣ እያለፉ ነው።

ድህነታችንን ምክንያት የሚያደርግ ይኖራል። አሜሪካ በ2020 እ.ኤ.አ. ስለ ሆሎኮስት ለማስተማር በሕግ የመደበችው ለአምስት ዓመት 10 ሚሊዮን ዶላር ነው፤ ለእሷ ኢምንት ነው፣ እንበል። ሩዋንዳስ? ከእኛ ያልተሻለ አቅም ይዛ የ1994ቱን (እ.ኤ.አ.) ፍጅት በሥርዓተ ትምህርቷ አስገብታ ታስተምራለች። እኛን የጎደለን ገንዘብ አይመስለኝም። ሙታኑን የሁላችንም ልጆች አድርጎ የሚቆጥር መንግሥት አጣን፤ አንዱ ሥርዓት የሌላውን ግፍ ለመክሰሻ ፈለገው እንጂ ለመማሪያ አልፈለገውም።

ውጤቱን እዚህ በስደት እናየዋለን። አንድ ቤት ተከራይተው፣ አንድ ትሪ ከበው የሚበሉ የአገሬ ልጆች ካለፉት ዓመታት ጦርነቶች ወዲህ «ዘር አጥፊ» እየተባባሉ ተኮራርፈዋል። ቃሉ በሕግ ምን እንደሚል፣ በምን ማስረጃ እንደሚረጋገጥ የነገራቸው የለም። ልጆቻቸውም ከጎን ሆነው ይሰማሉ።

በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ አጽድቋል። ዳግም የምስክር ቃል ሊሰበሰብ፣ ዳግም ዶሴ ሊከፈት ነው። የገንዘብና የትምህርት ሚኒስቴሮች ሆይ፣ ገና ከጅምሩ ለመምህሩና ለመማሪያ መጽሐፉ የሚሆን በጀት ለይታችሁ አስቀምጡ፤ ጅዳ ያሉትን ልጆቻችንንም አብራችሁ ቁጠሩ። ዶሴው ዳግም መዝገብ ቤት እንዳይቀር!